ቀዩ ብዕር ለምንድን ነው?



ዛሬ የምናወራው ብዙዎቻችሁ ስለማትወዱት ነገር ነው፤ ስለ እርማት። የጻፋችሁትን የአማርኛ ድርሰት ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ ወይም ለአስተማሪያችሁ ትሰጣላችሁ። ወረቀቱ ሲመለስ ግማሹ በቀይ ተሰምሮበታል። ከዚያ በኋላ የሚቀራችሁ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ በቀይ የተጻፈውን እያዩ እንደገና መገልበጥ።

ይህ ያሰለቻል። ብዙም አያስተምርም። ስህተቱን ያገኘው ሌላ ሰው ነው፤ ያስተካከለውም ሌላ ሰው ነው። የእናንተ ድርሻ መገልበጥ ብቻ ሆነ። ጨዋታውን ሌላ ሰው ተጫውቶት እናንተ ውጤቱን ብቻ እንደ መስማት ነው።

እርማት ግን ራሱ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ለጨዋታው የሚያስፈልገንም አብዛኛው ነገር በአገራችን ባህል ውስጥ አለ። ከቀዩ ቀለም እንጀምር።

ቀይ ቀለም በብራና ላይ

በድሮ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ መጽሐፍ የሚጻፈው በእጅ ነበር። የሚጻፍበት ብራና ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይሠራል። ጸሐፊው ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል። ከአጠገቡ ሁለት ቀለም አለ፤ ጥቁርና ቀይ። አብዛኛው ጽሑፍ በጥቁር ይጻፋል። ቀዩ ለክብር ነው። የእግዚአብሔር ስም፣ የማርያም ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል።

ጸሐፊውም ሰው ነውና ይሳሳታል። ሲሳሳት ብራናውን በስለት ቀስ አድርጎ ይፍቅና በላዩ ላይ ይጽፋል። የዘለለው ፊደል ካለ ደግሞ ከመስመሩ በላይ አሳንሶ ያስገባዋል። የቆዩ ብራናዎችን በቅርብ ስታዩ እነዚህን እርማቶች ታገኛላችሁ። ጸጥ ያሉ እርማቶች ናቸው፤ አይጮኹም። ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በቀዩ ላይ ነው፤ በተከበረው ቃል ላይ።

እኛ ነገሩን ገለበጥነው። ዛሬ ልጅ ወረቀቱ ላይ ቀይ ሲያይ የሚያስበው ስህተት ነው። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታ የመጀመሪያ ሕግ ይህ ይሁን፤ ቀይ ብዕር ለጥሩ ነገር፣ እርሳስ ለስህተት። አራሚው ከሁሉ በፊት ከድርሰቱ ውስጥ አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ በቀይ ያሰምርበታል። ለምን ጥሩ እንደሆነም ይናገራል። “ጎበዝ” ብሎ ማለፍ አይበቃም።

የቡና ሽታ

ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን እዚሁ ሊቶኒያ የማውቃት አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አለች። ደሴ ላሉት አያቷ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፈች። አያቷ ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ አይመቻቸውም፤ ንግግሩ “ሃሎ? ሃሎ?” ሆኖ ያልቃል። ደብዳቤ ግን መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። ልጅቷ ጽፋ ፎቶ አንስታ ትልካለች፤ ደሴ ያለች የአጎቷ ልጅ ወረቀት ላይ አትማ ለአያት ትሰጣለች።

አባቷ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት አየው። ልጁን ይወዳል፤ እናቱንም ያከብራል፤ ስህተት ያለበት ደብዳቤ እንዲሄድ አልፈለገም። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ገጹን አቀላው። ልጅቷ የታረመውን ገልብጣ ላከች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ሌላ ደብዳቤ አልጻፈችም። ስትጠየቅ “በአማርኛ መጻፍ አልችልም” ትላለች። ደሴ ያሉት አያት ደግሞ የሚያነቡት አጡ።

የመጀመሪያውን ወረቀት አይቼዋለሁ። መሃል ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ “ሻሽዎ ቡና ቡና ይሸት ነበር።” ይህ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አይደለም። ስምን ሁለት ጊዜ ደግሞ “ቡና ቡና ይሸታል”፣ “ጭስ ጭስ ይላል” ማለት የአማርኛ የራሱ ለዛ ነው። ልጅቷ ማንም ሳያስተምራት ከቤት ሰምታ ያዘችው። ከዚህ ዓረፍተ ነገር በላይ ቀይ አለ፤ ከበታቹም ቀይ አለ። እሱ ላይ ምንም የለም። ስህተት ስለሌለው ዝም ተባለ። ልጅቷም ከገጹ ሁሉ የሚበልጠውን ዓረፍተ ነገር እንደጻፈች ሳታውቅ ቀረች።

ሁለት ቅርጫት

ታዲያ ስህተቱ ዝም ይባል? አይባልም። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ “እማማ፣ እኔ በጣም ናፈቅኩዎት” የሚል አለ። ልጅቷ ያሰበችው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ የናፍቆቱ ባለቤት “እኔ” ነው። በአማርኛ ግን የግሱ ባለቤት ሩቅ ያለው ሰው ነው፤ “እርስዎ ናፈቁኝ” ወይም “ናፍቀውኛል” እንላለን። “ናፈቅኩዎት” ካልን “እርስዎ እኔን ናፍቀዋል” ማለታችን ነው። ፍቅሩ አቅጣጫውን ቀየረ! ይህ መታረም አለበት፤ አያትየው የልጅ ልጃቸው ምን እንደተሰማት ማወቅ አለባቸውና።

ሌላ ቦታ ደግሞ ልጅቷ “ጸሀይ” ብላ ጽፋለች፤ አባት “ፀሐይ” ብሎ አርሞታል። ይህ ሌላ ዓይነት ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ልዩነታቸው ከግእዝ የመጣ ነው፤ “ሠረቀ” ብርሃን ወጣ፣ “ሰረቀ” ደግሞ የሰው ንብረት ወሰደ ማለት ነው። ማወቁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስለ እነዚህ ፊደላት ምሁራንም ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል፤ መጻሕፍትና ጋዜጦችም አንድ ዓይነት አጻጻፍ አይከተሉም። “ጸሀይ” ብሎ የጻፈ ልጅ ሐሳቡ ደርሷል።

ስለዚህ ሁለት ቅርጫት አዘጋጁ። በመጀመሪያው ቅርጫት ትርጉም የሚቀይሩ ስህተቶች ይገባሉ፤ እነሱ ዛሬ ይታረማሉ። በሁለተኛው ውስጥ ሐሳቡን የማይነኩ ይገባሉ፤ እነሱ ይቆዩ። በሁለተኛው ቅርጫት ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ አንድን ቃል በአንድ ድርሰት ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጻፉ።

አራት አደኖች

ሁሉንም ስህተት በአንድ ጊዜ መፈለግ ያደክማል። ዓይን አንድ ነገር ሲፈልግ ጎበዝ ነው፤ አሥር ነገር ሲፈልግ ግን ይታወራል። ስለዚህ እርማቱን ወደ አጫጭር አደኖች እንከፋፍለው። ለእያንዳንዱ አደን አምስት ደቂቃ ይበቃል።

የመጀመሪያው የግስ አደን ነው። ጣታችሁን አራት ነጥቡ (።) ላይ አድርጉ። ከእሱ በፊት ያለው ቃል ግስ ነው? በአማርኛ ግሱ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። “እኔ ሄድኩ ወደ ገበያ” ካላችሁ ቃሎቹ አማርኛ ናቸው፤ ሰልፉ ግን እንግሊዝኛ ነው። “ወደ ገበያ ሄድኩ” በሉ። “እኔ” የሚለውን መተውም ትችላላችሁ፤ “ሄድኩ” በሚለው ውስጥ አለና።

ሁለተኛው የ“ማን?” አደን ነው። ከእያንዳንዱ ግስ ወደ ባለቤቱ በእርሳስ ቀስት ሳሉ። “እህቴ መጣ” ካለ ቀስቱ ይሰበራል፤ “እህቴ መጣች” ነው። አክብሮትም እዚህ ውስጥ ነው። እንግዳ ሆነው የመጡትን እማማን “እማማ፣ ትበላለህ?” ብትሏቸው ሁለት ነገር አበላሻችሁ፤ ሴት መሆናቸውንም፣ ትልቅ ሰው መሆናቸውንም ረሳችሁ። “እማማ፣ ይበላሉ?” ነው የሚባለው።

ሦስተኛው የ“ን” አደን ነው። ይህች አንድ ፊደል ጉልበቷ ብዙ ነው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተመልከቱ፦

“ውሻው ልጁን ነከሰው።”
“ውሻውን ልጁ ነከሰው።”

በመጀመሪያው የሚያለቅሰው ልጁ ነው። በሁለተኛው የሚያለቅሰው ውሻው ነው! የቃላቱ ቅደም ተከተል አልተቀየረም፤ “ን” ብቻ ቦታ ቀየረች። በድርሰታችሁ ውስጥ የተነከሰ፣ የተበላ፣ የተገዛ ወይም የተወደደ ነገር ካለ “ን” ያስፈልገው እንደሆነ ፈትሹ።

አራተኛው የፊደል አደን ነው። ት እና ጥ፣ ክ እና ቅ፣ ች እና ጭ እንግሊዝኛ ለለመደ ጆሮ ይመሳሰላሉ። ኪቦርዱም ያሳስታል። በድምፅ በሚጻፍባቸው ብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች ጥ እና ት በአንድ ቁልፍ ላይ ናቸው፤ የሚለያቸው “ሺፍት” ነው። “ሺፍት” ከተረሳ “አጎቴ መጣ” የሚለው “አጎቴ መታ” ይሆናል። አጎት ሊጠይቁን መጥተው ተደባዳቢ ተባሉ። የፊደሉን እግርና ቅጥያም እዩ። “ከልቤ እወድሻለሁ” ጥሩ ነው። “ከላቤ እወድሻለሁ” ግን ሌላ ነው፤ ላብ ስንሮጥ የሚወጣው ነው።

ለእኔ ሙያ ቅርብ የሆነ አንድ ተጨማሪ አደን ልስጣችሁ። ብዙ ሰው አራት ነጥብ ሲፈልግ ሁለት ነጥብን (፡) ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ለዓይን ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ አራት ነጥብም የራሱ ቦታ ያለው አንድ ምልክት ሆኗል። በጽሑፍ ፕሮግራማችሁ የመፈለጊያ ሣጥን ውስጥ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ጽፋችሁ ፈልጉ። ስንት ተደብቀዋል? ቆጥራችሁ በአራት ነጥብ ተኳቸው።

በጆሮ ማረም

ከአደኑ በኋላ ድርሰቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በጎጃም በዋሸራና በጎንጅ፣ በወሎ ደግሞ በዋድላ በታወቁት የቅኔ ቤቶች እርማት በጆሮ ነው። ተማሪው ቀን ብቻውን ሆኖ ቅኔውን በአእምሮው ያዘጋጃል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል፤ መምህሩም እየሰሙ ያርማሉ። ጀማሪው ረጅም ነገር አይጠየቅም። የሚጀምረው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሁለት መስመር ተናግሮ፣ ታርሞ፣ ነገ ሌላ ሁለት መስመር ይዞ ይመጣል።

እኛም ሙሉ ገጽ ከምናርም አንድ አንቀጽ በጆሮ ብናርም ይሻላል። ጆሮ ዓይን የማያየውን ይሰማል። ለምሳሌ በአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል በምልክት አይለይም። “ገና ነው” የሚለውን “ና”ን አጥብቃችሁ ስታነቡት በዓሉ ነው፤ አላልታችሁ ስታነቡት ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ድርሰቱን ለሌላ ሰው ስታነቡ የትኛውን እንደፈለጋችሁ ትወስናላችሁ። አንባቢው ሊደናገር ይችላል ካላችሁም አንድ ቃል ጨምራችሁ ግልጽ ታደርጉታላችሁ።

አገር ስጠኝ

አሁን ወደ ዋናው ጨዋታ እንምጣ። እንቆቅልሽን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጠያቂው “እንቆቅልሽ” ይላል፤ መላሹ “ምን አውቅልህ” ይላል። መልሱ ከጠፋው “አገር ስጠኝ” ይባላል። መላሹ አንድ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይናገራል።

በድርሰት እንዲህ ተጫወቱት። አንዱ የሌላውን አንቀጽ ያነባል። ስህተት ሲያገኝ አይናገርም፤ አይነካውምም። “እንቆቅልሽ! በሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ነገር አለ” ይላል። ጸሐፊው ይፈልጋል። ካገኘ ራሱ ያርማል፤ ነጥቡም የእሱ ነው። ካጣው አገር ይሰጣል። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን መስጠት ይቻላል። የቅርቡን የሚፈልግ ክላርክስተንን ወይም ስቶን ማውንቴንን ይስጥ። ሊቶኒያን ግን በቀላሉ አትስጡ፤ እዚህ ነው የምንኖረው!

ጨዋታው ውስጥ ሌላ ትምህርት ተደብቋል። ወንድማችሁን “አገር ስጠኝ” ትሉታላችሁ። እህታችሁን “አገር ስጪኝ”፣ ብዙ ከሆኑ “አገር ስጡኝ”፣ አያታችሁን ደግሞ “አገር ይስጡኝ”። የሰዋስው መጽሐፍ በሰንጠረዥ የሚያሳየውን ክበብ ሠርታችሁ ስትጫወቱ በአፋችሁ ታገኙታላችሁ። ክርክር ከተነሳ መዝገበ ቃላት ይዳኝ። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ወይም የባየ ይማም “የአማርኛ ሰዋስው” (1987 ዓ.ም.) ቤታችሁ ካለ ዳኛችሁ መደርደሪያው ላይ ነው። ከሌለ ለአክስት ይደወል።

ለወላጆች ሁለት ቃል

ወላጆች፣ ይህን ከልጆቻችሁ ጋር የምታነቡ ከሆነ ከሥራ ቦታዬ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። በብዙ የሶፍትዌር መሥሪያ ቤቶች አንድ ሰው የጻፈው ኮድ ሌላ ባልደረባ ሳያነበው ሥራ ላይ አይውልም። ጀማሪውም አንጋፋውም ይታረማል። ስለዚህ መታረም ውርደት አይደለም፤ የሥራው አንድ ክፍል ነው። የጋራ ልማዶችም አሉን። ጥቂት ጥቂት እናነባለን። አስተያየቱ ስለ ጽሑፉ እንጂ ስለ ጸሐፊው አይደለም፤ “ይህ መስመር አልገባኝም” እንላለን እንጂ “አንተ አታውቅም” አንልም። የሚያስተካክለውም ራሱ ጸሐፊው ነው። ልጆቻችሁም የእናንተን ጽሑፍ እንዲያርሙ ፍቀዱላቸው፤ በእንግሊዝኛ የጻፋችሁትን ኢሜይል ስጧቸውና ተራው የእነሱ ይሁን።

እርማት ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው በምሁራንም ዘንድ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆን ትረስኮት የተባሉ ተመራማሪ በሁለተኛ ቋንቋ የድርሰት ትምህርት ውስጥ የሰዋስው እርማት መተው አለበት ብለው ጻፉ። በ1999 ዳና ፌሪስ ተቃወሟቸው፤ እርማቱ በጥንቃቄና በግልጽ ከተሠራ ይረዳል አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ለቤታችን የሚሆነው ጥያቄ ግን ቀላል ነው፤ ከእርማቱ በኋላ ልጁ እንደገና ለመጻፍ ይፈልጋል?

ጽሑፍን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስተካክሉ የኮምፒውተር መሣሪያዎችም አሉ። ይረዳሉ፤ ነገር ግን ልጁን ወደ ገልባጭነት ይመልሱታል። “ቡና ቡና ይሸት ነበር” የሚለውንም “የቡና ሽታ ነበረው” ብለው ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ልጅቷ ግን ጠፋች።

ያ አባት በኋላ መንገዱን ቀየረ። የድሮውን ወረቀት አውጥቶ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር በቀይ አሰመረበትና ለምን እንደወደደው ነገራት። “ናፈቅኩዎት” የሚለውን ግን አላረመውም፤ “እዚህ ጋ እንቆቅልሽ አለ፤ ማን ማንን ናፈቀ?” አላት። ሁለት አገር ሰጠች፤ ሦስተኛውን ሳትሰጥ አገኘችው። ቀጣዩ ደብዳቤ አጭር ነበር። መልሱም ከደሴ በአያት እጅ ተጽፎ መጣ፤ “ሰላም” የሚለው ቃል አንድ ቦታ በሰ፣ አንድ ቦታ በሠ ተጽፏል። ልጅቷ ሁለተኛው ቅርጫት ውስጥ ጨመረችው።

የሳምንቱ አደን

ከተማችን ሊቶኒያ ስሟን ያገኘችው “ድንጋይ” ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ለብዙ ዘመን ድንጋይ ተፈልጦባታል። ድንጋይ ጠራቢ መጀመሪያ ትልቁን ይፈልጣል፤ ማለስለሱ በኋላ ነው። እናንተም መጀመሪያ ሳትፈሩ ጻፉ፤ አደኑ በኋላ ይመጣል።

ለልምምድ ይህችን አንቀጽ ውሰዱ። በውስጧ ትርጉም የሚያበላሹ ወይም ሰልፍ የሚያፈርሱ አምስት ስህተቶች አሉ፦

“ትናንት አክስቴ ከአዲስ አበባ መታች። እኛ ሄድን ወደ ኤርፖርት። አባቴ ሻንጣዋ ተሸከመ። እኔም አቅፌ ‘ከላቤ እወድሻለሁ’ አልኳት። ወንድሜ በደስታ አለቀሰች።”

አገር ሳትሰጡ አምስቱንም አግኙ። ከዚያ ቀይ ብዕር ያዙና በዚህ ሳምንት ከጻፋችሁት ሁሉ በጣም በወደዳችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ አስምሩበት።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።